ኦቦ ነገሳ የመረቋቸው ቡችሎች

እውነቱ ማክሰኞ ጠዋት ለውሾቹ ትርፍራፊ ሲያቀርብ ወድቆ ሞተ። ሬሳው ከታጠበ በኋላ ሚስቱን ጣቢታን ያስጨነቃት ነገር የሕይወት ታሪኩ ነበር።

በሰፈራቸው እድር ወግ የሟች ታሪክ ቀብር ላይ ይነበባል። የሚጽፉትም የሚያነቡትም ሰብሳቢው ኦቦ ነገሳ ናቸው። ቅርጹን በቃላቸው ያውቁታል፦ ተወለደ፣ ተማረ፣ ሠራ፣ አገባ፣ የዚህን ያህል ልጆች አባት ሆነ። ልጅ የሌለው ሲያጋጥማቸው መስመሯን አይዘሏትም፤ «ዘር ሳይተኩ» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ጣቢታና እውነቱ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ልጅ አልወለዱም።

እውነቱ ለሳኝ ነበር። ከከምባታ መጥቶ ግማሽ ሰበታን ለስኗል፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ቆሞ ይስቅበት ነበር። አራት ውሾች ነበሩት፦ ኢንጂነር፣ አማካሪ፣ ፎርማን እና ጥበቃ። ከአራቱ የማይጮኸው ጥበቃ ብቻ ነው። ኢንጂነር ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ይተኛ ስለነበር በስሙ የተከራከረ የለም። እውነቱ ከሥራ ሲመለስ የሉካንዳ አጥንት በፌስታል ይዞ ሚኒባስ ይሳፈራል። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። «ዛሬም ተንፈላስሼ መጣሁ» ይላል ለጣቢታ።

ጣቢታን ግን ሰፈሩ አላስቀምጣት ብሎ ነበር። «ዘንድሮስ?» ይሏታል ሆድ ሆዷን እያዩ። አንዷማ «ጴንጤነትሽን ለአንድ ቀን ተይውና ጠበል ልውሰድሽ» አለቻት። አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ ሄዳ እያለቀሰች ተመለሰች። እውነቱ አይቷት ወደ ውሾቹ ወጣ። ያን ሰሞን ፎርማን ሴት መሆኑ ታወቀ፤ ስድስት ወለደ። ስሙን መቀየር አላስፈለገም።

በሳምንቱ እውነቱ በየቤቱ እየዞረ «እግዚአብሔር ቤታችንን ጎብኝቶታል፤ ቅዳሜ ኑና ሕፃናቱን መርቁልን» አለ። ሰፈሩ ጉዲፈቻ መሰለውና እልል አለ። ኦቦ ነገሳ እንደ አገራቸው ወግ እርጥብ ሰርዶ ይዘው መጡ። በግ ታርዷል። ኦቦ ነገሳ ሁለት ሳህን ካነሡ በኋላ ቆመው በኦሮምኛም በአማርኛም መረቁ፦ እደጉ፣ ተመንደጉ፣ የአባታችሁን ስም አስጠሩ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ከዚያ «በል እስቲ ልጆቹን አምጣቸው» አሉ። እውነቱ ስድስት ቡችላ በካርቶን ይዞ ገባ።

ኦቦ ነገሳ ሰርዷቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እውነቱን ሰላም አላሉትም፤ ሌላውም «የለየለት እብድ» አለው። ጣቢታን ግን «ዘንድሮስ?» ያላት ሰው አልተገኘም። ሲያገኟት «አይ ጣቢታ፣ ከዚያ ሰውዬ ጋር እንዴት ችለሽ ነው?» ብለው እጇን ጨበጥ ያደርጋሉ። ይህን ለእውነቱ ብትነግረው «ውሻ ብዙ ጥቅም አለው» ብሎ እራቱን በላ።

አሁን ድንኳኑ ተተክሎ ኦቦ ነገሳ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ፊቷ ተቀመጡ።

«ጣቢታ፣ ጃባዹ። በርቺ ልጄ» አሉ። «ትውልድ፣ ዱራሜ አካባቢ ብያለሁ። ትምህርት፣ ስድስተኛ ክፍል። ልጆች…»

«ኦቦ ነገሳ፣ እሷን መስመር ይተዉልኝ።»

«ሥርዓት ነው፤ ለሁሉም ይነበባል። ደሞ ለሱ ብዬ?» ቡችሎቹ ትዝ እንዳሏቸው ከፊታቸው ያስታውቃል።

«አንቱን ሊያዋርድ ብሎ እኮ አይደለም» አለች ጣቢታ። «ሰው ሁሉ እኔን መጠየቁን ትቶ እሱን ይስደብ ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ማን ጠየቀኝ? እሱ ሲሰደብ እኔ አረፍኩ።»

ኦቦ ነገሳ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። እሺም እምቢም ሳይሉ ሄዱ። የእድር ሰብሳቢ ቃለ ጉባኤ ካልተያዘ መልስ አይሰጥም።

ረቡዕ ከሰዓት ቀብሩ ተፈጸመ። ውሾቹን የጠራቸው የለም፤ ኢንጂነር ሳይቀር ተከትለው መጥተው ከሰዉ ጀርባ ተኙ። ፓስተሩ ጸልዮ ሲጨርስ ኦቦ ነገሳ ወረቀታቸውን ዘረጉ። መወለዱን አነበቡ፤ ትምህርቱን አነበቡ፤ የለሰናቸውን ትልልቅ ሕንፃዎች ጠሩ። «ከወይዘሮ ጣቢታ ጋር በጋብቻ ተሳስረው…» ሲሉ ጣቢታ አንገቷን ደፋች። ኦቦ ነገሳ ከወረቀቱ ቀና ብለው አዩዋት።

«…ሚስታቸውን ይወዱ ነበር» ብለው ወረቀቱን አጠፉ።

ቀባሪው እርስ በርሱ ተያየ። በዚያ እድር ለማንም ሰው እንዲህ ያለ መስመር ተነብቦለት አያውቅም። ከማክሰኞ ጀምሮ እንባ ያልወጣት ጣቢታ እዚያው ጮኻ አለቀሰች።