የዙህራ አማርኛ

በጅማ፣ በአወቱ መንደራ ያላችሁ፣ ቡና የምታሰጡም የምትለቅሙም፣ ስሙኝ፦ ቁመቷ ከሞላ ጆንያ እምብዛም የማይበልጠው ወይዘሪት የኔነሽ በሕፃናት ክፍል ላይ መሾሟን ዕወቁ። ግዛቷ አግዳሚ ወንበርና ንፍጥ፤ ሠራዊቷ ገና ቁልፍ መቆለፍ ያልለመደ፤ በትረ ሥልጣኗ ጠመኔ ነው።

ይህች ሹም አንድ መጽሐፍ ነበራት። መንግሥት የሰጣት እንዳይመስላችሁ፤ መንግሥት ለሕፃናት የሰጠው መዝሙርና አለንጋ ነው። ከሳሙና ካርቶንና ካለፈበት የቀን መቁጠሪያ ሥዕል እየቆረጠች ለጥፋ፣ በጆንያ መስፊያ ክር ጠርዛው ነው። በየገጹ አንድ ፊት አለ፤ የሚስቅ፣ የተቆጣ፣ የፈራ። ልጅ ይመጣና የእሱን በሚመስለው ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ ምክንያቱንም ባሻው ቋንቋ ይናገራል። ብዙዎቹ የሆዳቸውን የሚያወጡት በኦሮምኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ክፍል ውስጥ ክልክል ነበር። የኔነሽ በሩን ዘግታ ትሰማቸዋለች።

በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ኢንስፔክተር ፈለቀ ከነክራቫቱ ሳይታሰብ ከች አለ። ዕውቀቱን በክራቫቱ ርዝመት የሚለካ ሰው ነው። ጠዋት የሰማው ነገር ከምሳ በፊት ፖሊስ ጣቢያ እንደሚደርስ ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የሥዕል መጽሐፍ ነው ጌታዬ። ልጆቹ የሚሰማቸውን እንዲናገሩበት።»

«ከራብ ሌላ ደግሞ ምን ይሰማቸዋል?» በራሱ ቀልድ ብቻውን ሳቀ። መጽሐፉን ነጠቃትና ፊት ለፊት የተቀመጠችውን ዙህራን ጠራ። ዙህራ የቡና ነጋዴው የጅብሪል ልጅ ናት። የፈራውን ፊት ገለጠላት። «ይኼ ማንን ይመስላል ሚጢጢ?»

«አባ ኮ» አለች፤ አባቴን። ቀጠለችም፦ «ሱሌይማን ኬሻ ዱበ ጅረ።»

ሱሌይማን ከጆንያው ጀርባ ነው ያለው ማለቷ ነው። ሱሌይማን ታላቅ ወንድሟ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ሲፈለግ፣ ጅማ በሙሉ ሱዳን ገብቷል ብሎ ነበር። የኔነሽም ይህንኑ አምና ነበር። አሁን ግን የት እንዳለ ገባት።

«ምን አለች?»

«አባቴ ከባድ ጆንያ ሲያነሳ እንዲህ ይሆናል ነው የምትለው።»

«በአማርኛ ትበለዋ።»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የዙህራ አማርኛ እንደ ውሃ የሚፈስ ነው። እናቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ተናገሪ» እያለች የምትኮራበት ነው። ልጅቷ ደረቷን ነፋ አድርጋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አማርኛ አታውቅም» አለች የኔነሽ ቶሎ ብላ።

«ዓመት ሙሉ አስተምረሽ?»

«ደነዝ ናት ጌታዬ። እኔም ሰንፌያለሁ።»

ዙህራ አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። ዞር ብላ የመምህሯን ፊት አየች፤ ያየችው የአባቷን ፊት ነበር። አፏን ገጠመች።

ጅብሪል ቤት ማንም ሊፈትሽ አልመጣም። መጽሐፉ በኢንስፔክተሩ ብብት ሄደ፤ የኔነሽም በስንፍና ተባርራ ሰርቦ ገበያ ጨው መቸርቸር ያዘች። ዙህራ ግን ከዚያ ወዲያ ተማሪ ቤት ውስጥ አንድ ቃል አማርኛ አልወጣትም፤ አዲሱ አስተማሪ እየገረፈ እንኳ።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ ልጅህን «ምን አስፈራህ?» ብለህ ከመጠየቅህ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ፤ መጀመሪያ ዞር በልና ከኋላህ ማን እንደቆመ እይ . . .