የቀንዱ ሳምንት

የሮማን ሥራ ሰው መከልከል ነው። ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ የካሳ ጥያቄ ትመረምራለች። ባጃጁ የተገለበጠበት፣ መጋዘኑ የተቃጠለበት ሰው ውሉን ታቅፎ ሲመጣ እሷ ገጹን ገልጣ ለምን እንደማይከፈለው ታስረዳዋለች። ደግሞ በደንብ ነው የምታስረዳው፤ አንዳንዱ ሰው አመስግኗት ይወጣና ንዴቱ የሚመጣበት ታክሲ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በከተማው «ወይዘሪት አይከፈልም» የሚል ስም ወጥቶላታል። ስሙን ሰምታለች፣ አልወደደችውም፣ ውሸት ነው ብላ ለመከራከር ግን ማስረጃ አጣች።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሮማን አገር ታስተዳድራለች። መንግሥቷ የሳዳም የፕላስቲክ ዕቃ መደብር ጓዳ ሲሆን ዙፋኗ የተደፋ ባልዲ ነው። ጨዋታው ቀላል ነው፦ እሷ ተረቱን ትተርካለች፣ ሦስት ሰዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ዳይስ ይጣላል፣ ዳይሱ ያለው ይሆናል። የሞተ ሞተ ነው።

ሳዳም ሌባ ሆኖ ይጫወታል። ሳምንቱን ሙሉ ሌባ ሲጠብቅ ስለሚውል አንድ ቀን እንኳ በዚያ በኩል መሆን አማረው። ጋሽ አምሳሉ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። በቸርች ሽማግሌ ስለሆኑ «አስማት» የሚለውን ቃል አይወዱትም፤ ጠንቋይ ሆነው ሲጫወቱ «መምህር» በሉኝ ይላሉ። ሦስተኛዋ ሩሀማ ናት። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ስትሆን ሻወሩ ቀዘቀዘ ብሎ ለሚጮህባት ሁሉ ፈገግ እያለች «ይቅርታ ጌታዬ» ትላለች። በጨዋታው ውስጥ ግን ባሩዴ የምትባል ግዙፍ ሴት ናት። ባሩዴ ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም። ሩሀማ የባሩዴን ድምፅ ስታወጣ ፊት ለፊት ሱቁ ውስጥ ጆግ የሚመርጡ ደንበኞች ይደነግጣሉ።

የጨዋታው መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ኮፒ ያደረገው ልጅ ደግሞ ስለ አስማት ዕቃዎች የሚናገረውን ምዕራፍ ዘሎታል። ስለዚህ የዕቃዎቹን ሕግ ሮማን ራሷ በካርድ ላይ ጻፈች። ዕድሜዋን የሌላ ሰው አንቀጽ ስታነብ የኖረች ሴት የራሷን አንቀጽ ስትጽፍ ያያት ሰው የሠርግ ጥሪ የምታዘጋጅ ይመስለው ነበር። ከነዚያ ካርዶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ቀንድ ሲነፋ የሞተ ጓድ ይነሣል። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ይነፋል።» ስትጽፈው ውብ አንቀጽ መስሏት ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ባሩዴ ሞተች። ጓደኞቿ እንዲሻገሩ ብላ ድልድይ ላይ ብቻዋን ከሽፍቶች ጋር ተጋጠመች፣ ሩሀማ ዳይሱን ጣለች፣ አንድ ወጣ። ከአንድ በታች ቁጥር የለም።

ሩሀማ ዳይሱን ትንሽ አየችውና ቦርሳዋን አነሣች። «አዲስ ሰው አልጀምርም» አለች። «ይቺን ስንት ጊዜ ፈጅቼ ነው የሠራኋት። እሷ ከሞተች እኔም ይብቃኝ።» አልጮኸችም። በሆቴሉ ድምፅ ነው የተናገረችው።

ሮማን ደነገጠች። ሩሀማ ከሄደች በሁለት ሰው ጨዋታ የለም፤ ጨዋታ ከሌለ ደግሞ ቅዳሜ የለም። ብቻዋን ነው የምትኖረው። የቢሮ ሰዎች ይፈሯታል፤ ቸርች ውስጥ አቅፎ የሚስማት ሰው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩ ስለ መኪናው ነው። ከእሷ ምንም ሳይፈልጉ የሚስቁላት ሰዎች እነዚህ ባልዲ ላይ የተቀመጡት ብቻ ናቸው።

«ቀንዱስ?» አለ ሳዳም።

«ቀንዱ ተነፍቷል» አለች ሮማን፤ አፏ ከልቧ ይፈጥናል። «በጨዋታው አቆጣጠር አምስት ቀኑ ነው። ዶሮ ስትሰርቅ የሞትክ ጊዜ።»

ሩሀማ ዞረችበት። «ለዶሮ ሌባ ነፍተን ጨረስነው!»

«ዶሮዋ ትልቅ ነበረች» አለ ሳዳም።

ጋሽ አምሳሉ መነጽራቸውን አወለቁ። ይህን ሲያደርጉ አንድ ክፍል ተማሪ ዝም ያሰኙ ነበር። «አምስት ቀን ካለፈው ታዲያ ምን ችግር አለ? ሳምንቱ አልፏል።»

«ጋሼ፣ ሳምንት ሰባት ቀን ነው።»

«የማን ሳምንት? እኔ ባደግሁበት የሲዳማ መንደር ሳምንት አራት ቀን ነው። ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። ገበያው በዚያ ይዞራል፤ እናቴ ቅቤዋን የምትሸጠው በዚያ ነበር። በአራት ቀን ስትሄድ ‹ሳምንቱ ገና ነው› ብሎ የመለሳት ሰው የለም።»

«በዚህ አያያዝ ጁምዓ በየአራት ቀኑ ሊመጣብኝ ነው» አለ ሳዳም።

«ጁምዓህን ማን ነካብህ? የእኔም እሁድ የቸርች ነው። ገበያው ደግሞ የገበያ ነው። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ይሄ ካርድ ግን የትኛውን እንደሚያውቅ አልነገረንም።» ወደ ሮማን ዞሩ። «አንቺ በፈጠርሽው አገር ሳምንት ስንት ቀን ነው?»

ሮማን ካርዱን አንሥታ ደግማ አነበበችው። ለዚያ አገር ተራራ ሰጥታዋለች፣ ንጉሥ ሰጥታዋለች፣ የንጉሡን አማች ሳይቀር ሰጥታዋለች። ሳምንት መስጠቱን ረስታዋለች።

«ሰባት ነው» ማለት ትችል ነበር። ቢሮ ውስጥ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ኮሌጅ ሳለች ግልጽ ያልሆነ አንቀጽ በጻፈው ወገን ላይ ይተረጎማል የሚል ሕግ ተምራለች፤ ለፈተና በቃሏ ይዛው ጥሩ ውጤት አግኝታበታለች። ሥራ ከገባች ወዲህ ግን አንድም ቀን ከኪሷ አውጥታው አታውቅም። አለቃዋ ገና በመጀመሪያው ወር «ግልጽ ያልሆነ ነገር ካገኘሽ ግልጽ አድርጊው» ብሏታል፤ ለማን በሚመች መንገድ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። እዚህ ባልዲ ላይ ግን አለቃ የለም። አንቀጹን የጻፈችውም እሷው ናት።

«ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «በደንብ ሳልጽፍ የቀረሁት ነገር የሚቆጠረው በእኔ ላይ ነው። ቀንዱ ይነፋል።»

ሳዳም ፍርዱ እስኪጸድቅ አልጠበቀም። ከመደርደሪያ የዘይት መቅጃ ፈነል አውርዶ ነፋው፤ የወጣው ድምፅ ሙት የሚያስነሣ ሳይሆን ቋሚውን የሚገድል ነበር። ሩሀማ ግን ቦርሳዋን አላስቀመጠችም።

«አዝነሽልኝ ከሆነ ይቅር» አለች። «የሚያዝንልኝ ሰው ሆቴል ሞልቷል። ቲፕ ትቶልኝ ይሄዳል።»

«እኔ ነኝ የማዝንልሽ?» አለች ሮማን። «እስቲ ከተማውን ጠይቂ፤ ለማን አዝኜ አውቃለሁ?»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ሳዳም፣ ጋሽ አምሳሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እርግጥ ሮማን አዝና ነበር፤ ለሩሀማ ሳይሆን ለራሷ። ፍርዱ ግን ትክክል ነበር፤ ከሐዘኑ ጋር የተገናኘው በአጋጣሚ ነው። ሩሀማ የሮማንን ፊት መረመረችና ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ቆመች፣ ባሩዴም ከድልድዩ ሥር ተነሣች። የሽፍቶቹን አለቃ ምን እንዳለችው እዚህ መጻፍ አይቻልም። ፊት ለፊት ያሉት ደንበኞች ግን በሙሉ ሰምተውታል፤ አንዷ ሣፋዋን ጥላ ወጥታለች።

የቀረው ከሰዓት የሮማን ቅጣት ነበር። ሕጉ አንዴ ከተፈቀደ ሳዳም የድሮ ካርዶቹን ሁሉ ዘረገፈ፦ «በማንኪያው የተነካ ይተኛል» ይላል፤ ዘንዶ አይተኛም የሚል የት አለ? የት እንዳለ ጠፋ። ለወራት ያዘጋጀችው ዘንዶ በሾርባ ማንኪያ ተነክቶ አንኮራፋ። ሮማን አንድ በአንድ ተሸነፈች፤ በመጨረሻ በሣቅ እንባዋ እየወረደ «ይከፈል! ይከፈል!» ማለት ብቻ ቀራት።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል ጋሽ አምሳሉ ጉዳዩ በእንጥልጥል እንዳይቀር ጠየቁ። ድምፅ ተሰጠና በሮማን አገር ሳምንት አራት ቀን ሆነ። ሮማን በካርዱ ጀርባ ጻፈችው፤ ዳግመኛ እንዳትያዝ አራቱንም ቀን በስማቸው ዘረዘረች። ሩሀማ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን እያሰረች ታያት ነበር።

«ቆይ» አለች ሩሀማ። «እኛስ የምንገናኘው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው አልተባለም?»

«ነው።»

«የማን ሳምንት እንደሆነ ግን አልተጻፈም።» በጣቷ ቆጠረች። «ረቡዕ ከሥራ እንደወጣሁ እመጣለሁ።»

ሳዳም ረቡዕ ዕቃ የሚገባበት ቀን ነው ብሎ መጮህ ጀመረ። ሮማን አልሰማችውም፤ ባልዲዎቹን ለረቡዕ እንዲመቹ ጥግ ላይ እየደረደረች ነበር።