ጥንዷ ማን ጋ ናት?

የታሰርኩበት ክፍል በቅርቡ ኖራ ተቀብቶ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ስቀመጥ የቀሚሴ ጀርባ ነጭ ሆነ። ያን ሰዓት የማስበው ስለ ቀሚሴ ብቻ ነበር። አንዲት ሴት ቀድማኝ ገብታ ነበር፤ ከሶፊ ጫት እያመጣች የምትሸጥ፣ ከቀረጥ ሰብሳቢ ጋር ተጣልታ የታሰረች። ከተቀመጠችበት የበግ ለምድ ላይ ፈቀቅ አለችልኝ።

«ያ ኢንተላ፣ ነይ ወዲህ» አለችኝ አማርኛውን ከኦሮምኛ ቀላቅላ። «አንቺ ልጅ፣ ኖራው ጨረሰሽ እኮ። ማንን መትተሽ ነው የገባሽው?»

«ማንንም አልመታሁም።»

«አቦ፣ ታዲያ በባዶ ታሰርሽ? እኔስ ቢያንስ መትቼ ነው!»

ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት ዕረፍት መጥቼ፣ አቦከር ካለው ቤታችን ነበር የወሰዱኝ። ፍራሼ ሥር ስለ ገባሮች ኑሮ የሚናገር ወረቀት አገኙ። ጽሑፉ የእኔ መሆኑን አልካድኩም። በታይፕ የመታው ማን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። የመታችው ጓደኛዬ ነበረች። የጀጎል ልጅ ናት። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ስለነበረች የመታችውም በመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና ነው። ቢታወቅ እሷ ትታሰራለች፤ በእሷ ደመወዝ የሚኖሩት እናቷ ደግሞ የሰው ፊት ሊያዩ ነው።

አንገቴ ላይ ከብር የተሠራች የቡና ቅጠል ነበረች። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ስል የጓደኛዬ እናት አሮጌ አምባራቸውን አቅልጠው ለሁለታችን ሁለት ቅጠል አሠሩልን። የቡና ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚበቅል፣ የጀጎሉ ብር ሠሪ የአንዷ ጫፍ ከሌላዋ ጋር እንዲገጥም አድርጎ ነበር የሠራቸው። አንዷን እኔ፣ አንዷን እሷ አንገታችን ላይ አሰርን። «አላህ ያቆያችሁ» አሉን እናቷ፤ ከዚያም አጋጥመው አይተው፣ «አሁን ልጆቼ ሁለት ናቸው» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት መርማሪው ቅጠሏን አስወልቆኝ በጣቶቹ አገላበጣት። ጫፏ ላይ ያለችውን መግጠሚያ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ።

«ይቺ ጥንድ አላት። ጥንዷ ማን ጋ ናት?»

ዓይኔን ከቅጠሏ ላይ አነሣሁ። መርማሪው ፈገግ አለ።

«ገባኝ። ጎረምሳው ጋ ናት። ወረቀቱንም የመታው እሱ ነዋ!»

ሁለት ሴት ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሊካፈሉ እንደሚችሉ ለአፍታ እንኳ አላሰበም። ፊቴ ጋለ። ከወንድ ጋር መንገድ ላይ ቆሜ ሳወራ ያየኝ ሰው አልነበረም። ቢሆንም አላረምኩትም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ለሴትዮዋ «ወዳጅ ያለኝ መስሏቸው እሱን እየፈለጉ ነው» ብቻ አልኳት። ሳቋ ግድግዳው ላይ አስተጋባ።

«ወላሂ፣ ፖሊስ ሙሽራ ፈላጊ ሆነ! እኔም ፈት ነኝ በይልኝ!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይፈልጉት። የሌለን ሰው አያስሩት።»

ከሰዓት በኋላ እንደገና ተጠራሁ። መርማሪው ፊት አባቴ ቆመዋል። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም።

«ሃምሳ አለቃ፣ ልጅዎ ወዳጅ ይዛለች» አላቸው። «የማን ልጅ እንደሆነ ትናገርና አሁኑኑ ይዘዋት ይግቡ። እርስዎን የመሰለ ሰው የሰፈር መሳቂያ ይሁን?» ቅጠሏን መዳፋቸው ላይ አኖረ። «ይህችን የምትመስል ቅጠል ሌላ ሰው አንገት ላይ አይተው ያውቃሉ?»

አይተዋል። ጓደኛዬ ቤታችን በመጣች ቁጥር ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ የእሷ ቅጠል ዓይናቸው ሥር ትወዛወዝ ነበር። አባቴ መዳፋቸውን ትክ ብለው አዩ። አንድ ቃል ቢናገሩ እኔ እወጣለሁ፣ እሷ ትገባለች። ልጃቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ቀድሜ ተናገርኩ። አባቴ ፊት ድምፄን ከፍ ሳደርግ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጥንዷን የያዘውን ሰው ስም አልናገርም። አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አባቴ ቅጠሏን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አይቼ አላውቅም» አሉ። ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ልጄ አልናገርም ካለች እኔ ምን እጨምራለሁ? ስንቋን ግን ነገም አመጣለሁ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩና፣ ለመርማሪው ሳይሆን ለእኔ እጅ ነሡ። አባት ለልጁ እጅ ሲነሣ አይቼ አላውቅም። ወደ ክፍሌ ስመለስ ከሚመልሰኝ ዘብ ፊት ፊት ሄድኩ።

ክረምቱን እዚያው አሳለፍኩ። ቅጠሏም አልተመለሰችልኝም። ወዳጅ አላት የሚለው ወሬ ግን ከእኔ ቀድሞ አቦከር ገብቶ ነበር፤ ለልጃቸው ሽማግሌ ሊልኩብን አስበው የነበሩ ሰዎችም ቀሩ። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ሻሿን አስራ ተነሣች።

«የልጁ እናት ዘንድ ሄጄ ጎረምሳው እኔ ነኝ ነው የምላቸው!»

«አርፈሽ ተቀመጪ» ብዬ እየሳቅኩ በሩ ላይ ቆምኩባት። ዛሬ ያንን መሥሪያ ቤት ለቅቃለች፤ ባትለቅማ ይህን አልጽፍም ነበር።

የሰፈሩ ሴቶች አሁንም ሳልፍ ይንሾካሾካሉ። ድሮ ቢሆን ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ስቤ መንገድ እቀይር ነበር። አሁን ግን ቆም እልና እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠርቼ እንዴት እንደዋሉ እጠይቃቸዋለሁ።