የጾም ኬክ

የልጄ የክፍል ጓደኛ ልደት ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። እናቷ ሙስሊም ጎረቤቴ ናት። ያን ቀን ጠዋት ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ በር ላይ አገኘችኝና ፊቷ ፈክቶ፣ «አብሽሪ፣ ልጅሽ ከኬኩ አትቀርም» አለችኝ። «ለእናንተ ልጆች ብዬ የጾም ነው ያስጋገርኩት። ወተትም ቅቤም የለው፣ ክሬሙ ራሱ በለውዝ ነው። አሁን ትምህርት ቤት አድርሼ መምጣቴ ነው።»

ዓምና ልጄ የለውዝ ሻይ ቀምሳ ጉሮሮዋ አብጦ፣ ደሴ እስክንደርስ ትንፋሿ ያፏጭ ነበር። መምህሯ አለርጂዋን ያውቃል፤ ግን ኬክ ውስጥ ለውዝ አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ጎረቤቴን እዚያው ትቻት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ሰው ሊጭን ሲቆም ጮህኩበት።

ክፍል ስገባ ባለልደቷ ጓደኞቿን በተራ ታጎርሳለች። ልጄ አፏን ከፍታለች። ሮጬ የልጅቱን እጅ መታሁት፤ ኬኩ መሬት ወደቀ፤ ልጅቱ አለቀሰች። ለማባበል ጊዜ አልነበረኝም።

«ቀምሰሻል?» አልኳት ልጄን።

«ክሬሙን ብቻ፣ በጣቴ» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ መርፌ አዘጋጅታ፣ «ምልክት ካየን እንወጋታለን፤ እዚሁ ጠብቁ» አለችን። አግዳሚው ላይ አቅፌያት ተቀመጥኩ። ከንፈሯን አያለሁ፤ ያበጠ ይመስለኛል፣ ደግሞ ያላበጠ ይመስለኛል። ስልኬ ጠራ። ጎረቤቴ ናት።

«ልጆቹ ወደዱት?» አለችኝ፣ ድምጿ እየሳቀ።

እጄን ከልጄ ደረት ላይ ሳላነሳ፣ «ወደዱት» አልኳት።