የትኛውም ፕሮግራም የማይጠይቃት መስመር

የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል ከመቀዝቀዙ የተነሳ እዚያ የተቀመጠ ሰው አያረጅም ይባላል። ባልደረቦቹ «ጋሼ ሰርቨር» የሚሉት ሠራተኛ ግን ካፖርቱን ደርቦ ሃያ ዓመት ተቀምጦበት ሸብቷል።

ሥራው የሕመምተኞችን ቀጠሮ የሚይዘውን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ማስነሳት ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ አንድ ፋይል ያነባል፤ በግራ ስም፣ በቀኝ መልስ፣ መሀል ላይ የእኩል ምልክት። ፕሮግራሞቹ የሚጠይቁትን ከዚያ ያገኛሉ፦ ሰዓቱ የየት ነው? ፊደሉ የቱ ነው? ፋይሎቹ የት ይቀመጡ? ሠራተኛው ሁሉ የራሱን መስመር ሲጨምር ፋይሉ ረዝሞ ረዝሞ፣ በወጣትነቱ ማንበብ የጀመረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ነው የሚጨርሰው።

ከመስመሮቹ አንዷን የጻፈችው ባለቤቱ ናት። ያኔ ገና ፊት ለፊቱ የምትቀመጥ ባልደረባው ነበረች። በግራ «ሻይ ከማን ጋር»፣ በቀኝ «ከኔ» ብላ አስገባች። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች የሚያነበው እሱ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። በሦስተኛው ቀን መስመሯን አገኛት፤ በስድስተኛው ወር ተጋቡ።

ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር መስመሮቹን አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ያሳልፋል፤ የሷም ታልፋለች። ፋይሉን ከፍቶ ማየት አያቅተውም፤ ግን እሷ ራሷ ስትመጣ ይሻለዋል። ስለዚህ በወር አንዴ የሚበቃውን በሳምንት ሦስቴ «ጥገና አለ» እያለ ያስነሳዋል። በጥገና ቢሆን ኖሮ ሰርቨሩ እስካሁን መብረር በጀመረ።

ዘንድሮ አዲስ ማሽን መጣ። ወጣቷ የክፍሉ አለቃ መመሪያ አወጣች፤ ወደ አዲሱ በሚሻገር መስመር ሁሉ «የኔ ነው» የሚል ኃላፊ ይፈርምበት፣ ያልተፈረመበት ይቅር።

«ጋሼ፣ ይቺን የሻይ መስመር የትኛው ፕሮግራም ነው የሚጠይቃት?»

«አንዱም።»

«ታዲያ ማን ያነባታል?»

«እኔ።»

«እርስዎ ፕሮግራም አይደሉም እኮ።»

«ባለቤቴ በዚህ አትስማማም ነበር።»

አለቃዋ ልትስቅ ብላ ፊቱን ስታይ ተወችው። «እንግዲያው እርስዎ ይፈርሙላትና ትሻገር» አለች ቀስ ብላ።

ቅጹን ይዞ ተቀመጠ። እስክሪብቶውን አነሳ፣ አስቀመጠ። እሱ ከፈረመባት «ከኔ» የሚለው እሱ ሊሆን ነው፤ ጋሼ ሰርቨር ከጋሼ ሰርቨር ጋር ሻይ ሊጠጣ። ባዶውን መለሰው።

ማክሰኞ ጠዋት አዲሱን አስነሳ። መስመሮቹ አለፉ፤ ከሷ በላይና በታች የነበሩት ተጠጋግተው አለፉ።

«ስህተት አለ፣ ጋሼ?» አለች አለቃዋ ከበሩ።

ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየ።

«የለም» አላት። «ምንም አልጎደለውም።»