ምሥራቅ በየት ነው

ሮኬት ለሙሉዓለም ምኗም አልነበረም። ልጇ ኤልዳና ግን ቨርጂኒያ የባሕር ጠረፍ ላይ ካለው የሮኬት ማስወንጨፊያ ገብታ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው፤ እናት የልጇን ድካም አንድ ቀን እንኳ በዓይኗ አላየችውም። ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሏት ኢንጂነር ናት ትላለች፤ ከዚያ በላይ የምትለው የላትም። አሁን ደግሞ ኤልዳና ወደ ካሊፎርኒያ ልትዛወር ነው። ከመሄዷ በፊት የሚወነጨፈው የመጨረሻው፣ የኅዳሩ ሮኬት ካመለጠ አለቀ።

ሙሉዓለም ከምትኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግም ይታያል ያለቻት ራሷ ኤልዳና ናት። ትንሽ ቢጫ ነጥብ ሆኖ በደቡብ ምሥራቅ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይላል፣ ድምፅ የለውም፣ ቢቆይ ሁለት ደቂቃ ነው አለቻት። ለዚች ሁለት ደቂቃ ሙሉዓለም ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ሦስት ጊዜ ሺፍት ቀየረች። የመጀመሪያው ቀን ደመና ሆነና ተራዘመ። በሁለተኛው፣ ቤቷ አጠገብ ባለው የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ብርድ ሲገርፋት ከቆየች በኋላ፣ ነፋስ በዛ ተብሎ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ሰማይ ላይ የሚሄድ ነገር ነፋስ ይፈራል እንዴ እያለች ደረጃውን ወረደች።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጥርት አለ። ምሥራቅ በየት በኩል እንደሆነ ማንንም አልጠየቀችም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ወደ ምሥራቅ ዞራ የምትጸልይ ሴት ምን ብላ ትጠይቃለች? ቤተ ክርስቲያኗ ከጣሪያው ላይ ትታያለች። መቅደሱ የዞረበትን ለካች፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘወር አለች፣ ስልኳን አውጥታ ጠበቀች። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር አፈጠጠች።

ከኋላዋ የገዛውን ዕቃ መኪናው ላይ የሚጭን ሰውዬ በአድናቆት ሲያፏጭ ዞረች። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሯል። እየሮጠች አጠገቡ ስትደርስ፣ አሁን ጠፋ አላት።

ይኼኔ ትዝ አላት። የቤተ ክርስቲያኗ ሕንጻ ከፈረንጆች የተገዛ ነው፤ መቅደሱም እነሱ በሠሩት መድረክ ላይ ወደ ምዕራብ ዞሮ ቀርቷል። ቄሱ ያኔ፣ የራሳችንን እስክንሠራ ታገሡን ብለው ነበር። ሰምታ ረስታዋለች። እንዲህ ያለ ንዴት ይዟት አያውቅም፤ በቄሱ ይሁን በራሷ እንኳ አልለየላትም።

ስልኩ ጠራ።

«ማሚ፣ አየሽው?»

ልትዋሽ አስባ ነበር፤ አፏ እምቢ አላት።

«አላየሁትም። ጀርባዬን ሰጥቼው ቆሜ ነበር።»

«ኢትስ ኦኬ ማሚ። እኔም አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ኮንትሮል ሩም ዊንዶው የለውም፤ ስክሪን ላይ ቁጥር ብቻ ነው የምናየው።»

ልታጽናናት ነው፤ ሙሉዓለምን ግን ይባስ አንገበገባት። አራት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥታበት፣ እሷም አላየችውም!

«ሶ ሁለታችንም አላየነውም» አለች ኤልዳና፣ ልትስቅ እየቃጣት።

ሰውዬው መኪናውን አስነስቶ እየወጣ ነበር። ሙሉዓለም የመኪናው መብራት እስኪጠፋ በቅናት ዓይን ተከተለችው።

«አንድ ሰውዬ አይቶታል» አለች። «ዕቃ ሲጭን።»