ሳልጠርግ የለካሁት ጠመንጃ

ሰልችቶኛል። ሠላሳ ዓመት የሰው ጠመንጃ ስፈታና ስገጥም ኖሬ፣ አሁን ወገቤም ዓይኔም አንታዘዝም ብለውኛል። ቴፒ ውስጥ ፈቃድ አውጥቼ የምጠግን ሰው ነኝ። ደንበኞቼ በቆሏቸውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቁ ገበሬዎች ናቸው።

ባለፈው ክረምት አንድ የጌጫ ሽማግሌ አፈሙዙ የተበላ ጠመንጃቸውን ከመለዋወጫ አፈሙዝ ጋር ይዘው መጡ። አዲሱን አፈሙዝ ገጠምኩላቸው። እዚህ ሥራ ላይ ዋናው ነገር በጥይቱ ቂጥና በመዝጊያው መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ከሰፋ ቀለሃው ይቀደድና እሳቱ ተኳሹ ፊት ላይ ይመጣል። ለዚህ የምጠቀምበት የብረት መለኪያ አለኝ፤ ከጥይት በጥቂቱ ይረዝማል። እሱን አጉርሼ መዝጊያው አልዘጋም ካለ ደህና ነው፣ ከተዘጋ ግን ጉድ ነው። አልዘጋም አለ።

«ይውሰዱት አባባ፣ ምንም አይልዎትም» አልኳቸው።

ከሄዱ በኋላ መለኪያውን ስወለውል ደረቅ ግሪስ ተለጥፎበት አየሁ። በእኛ አገር ዝናብ ብረት ወዲያው ስለሚዝግ ሰው ሁሉ አፈሙዙን በግሪስ ጠቅጥቆ ነው የሚያስቀምጠው። ከመለካት በፊት ውስጡን መጥረግ የኔ ሥራ ነበር። ደክሞኝ፣ ቶሎ ልገላገል ብዬ ተውኩት። መዝጊያውን የያዘው ግሪሱ ቢሆንስ? ክው አልኩ። ስልክ ብደውል አይነሳም። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ጌጫ ወጣሁ።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። «ተሳስቻለሁ፣ ጠመንጃውን ይስጡኝ» ስላቸው ሳቁብኝ።

«አንተም ትሳሳታለህ እንዴ?»

«ተኩሰውበታል?»

«እኔማ ዓይኔ ከደከመ ቆየ። የምትተኩሰው ልጄ ናት። ማሳ ወርዳለች።»

በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ጠመንጃውን በትከሻዋ አንግታ፣ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ቆማለች። ዝናቡ ዝንጀሮዎቹን ስላስቀረ አንድም አልተኮሰችም። ተመስገን! ጠመንጃውን ተቀብያት ጥይቱን አወጣሁ፣ ውስጡን በጨርቅ ደጋግሜ ጠረግሁና መለኪያውን ከተትኩ። መዝጊያው ያለ አንዳች ግፊት ጥርቅም አለ።

«ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

አልደበቅኋትም። ብትተኩሺ ኖሮ ፊትሽ ላይ ይፈነዳ ነበር፣ ጥፋቱም የኔ ነው አልኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ነጠላዋን አውርዳ እርጥቡ ጉቶ ላይ አነጠፈችልኝ።

«ደክሞዎታል፣ ቁጭ ይበሉ» አለችኝ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።